የነዚፍ ቀኝ እጅ

ነዚፍ የተወለደው በኅዳር 1930 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን መቱን ከያዘ ዓመት እንደ ሞላው። አባቱ ሙነወር ጨው፣ አቡጀዴና ቡና የሚነግድ ባለሱቅ ነበር። ሦስት ሴት ልጆች ስለነበሩት ወንድ እንዲወለድለት ሲመኝ ኖሯል። የሚስቱ የዘህራ ምጥ በጀመረ ዕለት ሱቁን ዘግቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና ሰው ልኮ አዋላጇን ዲንቄን አስጠራት።

ዲንቄ የምትኖረው ከሶር ወንዝ ማዶ ነበር። እንደ ሰማች ነጠላዋን ይዛ ወጣች። ድልድዩ ላይ ግን የጣሊያን ኬላ አስቆማት፤ የማለፊያ ወረቀቷ ማኅተም የለበትም።

«ማኅተሙ የት ነው?» አለች።

«አዛዡ ዘንድ» አላት ዘበኛው።

«አዛዡስ?»

«ምሳ ላይ።»

ምሳው ማካሮኒ ነበር፤ ከማካሮኒው በኋላ ወይን፣ ከወይኑ በኋላ እንቅልፍ። ዲንቄ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ድልድዩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ማዶ ማዶውን ስታይ ዋለች። አዛዡ ነቅቶ፣ አዛግቶ፣ ማኅተሙን ቱፍ ብሎ ወረቀቷ ላይ ሲያሳርፍ ሮጣ ደረሰች። ሕፃኑ መውጫው ላይ ተይዞ ቆይቶ ነበር። ሲወጣ መላ አካሉ ጠቁሯል፤ አያለቅስም። ዲንቄ አፏን ከአፉ ገጥማ ተነፈሰችለት፣ ጀርባውን አሸችው፣ እግሩን መታ መታ አደረገችው። ቤት ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሦስት ጊዜ «ሞቷል» አሉ፤ ሦስት ጊዜ «ዝም በሉ!» አለቻቸው። በመጨረሻ እንደ ድመት ግልገል ቀጭን ድምፅ አሰማ።

ለሙነወር ያ ድምፅ በቂ ነበር። በግ አረደ፣ ዲንቄን ቀሚስ ሸለማት። እሷ ግን ስትወጣ «በሦስተኛው ወር መጥቼ አየዋለሁ» አለች። ሙነወር ሁለተኛ ቀሚስ የፈለገች መሰለው።

በየካቲት እንዳለችው መጣች። ዘህራን «ልብሱን አውልቂለትና ምንጣፉ ላይ በጀርባው አስተኚው፤ ማንም እንዳያጫውተው» አለቻት። ከዚያ እግሯን አጣጥፋ አጠገቡ ተቀመጠችና አየችው። ምንም አላደረገችም፤ ማየት ብቻ። ሙነወር ከሱቁ ብቅ እያለ ያያታል፤ ዋጋ ለመስማማት የምታንገራግር ገበያተኛ መስላው መሰለኝ፣ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ሴቶቹ ልጆችሽ በዚህ ዕድሜ እንዴት ነበሩ?» ስትል ዲንቄ ጠየቀች።

ዘህራ አሰበችና «እነሱማ አያርፉም ነበር» አለች። «እጃቸው፣ አንገታቸው፣ የእግራቸው ጣት ሳይቀር ቅብጥብጥ ይላል። ከነቁ ጀምሮ እስኪተኙ።»

«እሱስ?»

ዘህራ ልጇን አየችው። ነዚፍ ግራ እግሩን አንድ ሁለቴ ወረወረ። ቀኝ እግሩ ግን የሰው ዕቃ ይመስል ባለበት ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ተጨብጦ አውራ ጣቱ በጭብጡ ውስጥ ገብቷል። ያ ጥቃቅን ቅብጥብጥታ የለም። ፊቱን ወደ ቀኝ ሲያዞር ቀኝ እጁ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

«እኔ እኮ ጨዋ ልጅ ነው ብዬ...» አለች።

ሙነወር ከሱቁ ሰምቶ ገባ። «ጭብጡን እዩት እንጂ እትዬ! ነጋዴ ነው፤ የያዘውን አይለቅም።»

«አውራ ጣቱን ከውስጥ የሚጨብጥ ነጋዴ አላየሁም» አለች ዲንቄ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው። «ሲወለድ ትንፋሽ አጥቶ ቆይቷል። ትንፋሽ ያጣ አንጎል ይጎዳል። እጁስ ምንም አልሆነ፤ የተጎዳው እጁን የሚያዘው ነው። የኔዋ ልጅ፣ ሎሚ፣ እንዲህ ነበረች። ‹ቆይታ ትነሣለች› አሉኝ፤ ሁለት ዓመት ጠበቅሁ። ስነቃ ጅማቷ ተኮማትሮ ደርቋል። ዛሬ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ወደ ፀሐይ የማወጣት አዝዬ ነው። ከእሷ ወዲህ ዘግይቶ ያለቀሰ ሕፃን ሁሉ በሦስተኛው ወር ሄጄ አያለሁ። አሥራ አንድ አይቻለሁ። ሰባቱ ደህና ናቸው። አራቱ ልክ እንደዚህ ተኝተው ነበር።»

«ይድናል?» አለች ዘህራ።

«አይድንም። ከጠበቅሽ ግን ይብሳል፤ ከጀመርሽ ይሻላል። ይኸው ነው የማውቀው።»

ሙነወር ፊቱ ተለዋወጠ። «እትዬ ዲንቄ፣ ልጄን በእጅዎ ተቀብለውልኛልና አከብርዎታለሁ። ሟርት ይዘው ግን ሁለተኛ በዚህ በር እንዳይገቡ።»

ዲንቄም ቃሉን አከበረች፤ በዚያ በር አልገባችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጓሮ በኩል፣ በእንሰቱ መሐል ነበር የምትመጣው። ሙነወር ሱቅ ውስጥ ጨው ሲሰፍር ሁለቱ ሴቶች ጓዳ ውስጥ ይሠራሉ። የሕፃኑን እጅ በሞቀ ውኃ እያሹ አውራ ጣቱን ከሥሩ ቀስ አድርገው ያወጣሉ። ዘህራ ስታዝለው እግሮቹን አራርቃ በወገቧ ላይ ታስቀምጠዋለች። የተረሳውን ጎኑን እንዲያስታውስ ጡትም፣ ወሬም፣ የእህቶቹ ሳቅም በቀኝ በኩል ይመጣለታል። በገለባ የተሞላ ግማሽ ጆንያ መሐሉን አጎድጉደው መቀመጫ ሠሩለት። በደረቱ ሲያስተኙት ያለቅሳል፤ ዘህራም አብራው ታለቅሳለች፤ ዲንቄ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አይዞህ» እያለች ታስቀጥላለች።

ጎረቤትም ነገሩ ሸተተውና መድኃኒት ይዞ መጣ። አንዷ ዓይን ነው አለች። አንዷ ክንዱ በጋለ ብረት ይተኮስ አለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ ዘህራ እርጉዝ ሳለች የአውሮፕላን ጥላ አርፎባት እንደሆነ ጠይቀው፣ አላረፈብኝም ስትላቸው ቅር ብሏቸው ሄዱ።

«ፈረንጁ ሐኪም መሣሪያ አለው ይላሉ» አለች ዲንቄ አንድ ቀን። «እስቲ እናሳየው። ከኔ የተሻለ የሚያውቀው ነገር ይኖር ይሆናል።»

ሄዱ። የጣሊያኖቹ ሐኪም ዶክተር ሞሬሊ አንድ ሚዛን፣ የራስ ቅል የሚለካበት አንድ ብረትና ብዙ ኪኒን ነበረው። አስተርጓሚው ገብረ መድኅን ይባላል፤ ጣሊያንኛውን ጎሬ ላይ ከአንድ የሚሲዮን ወጥ ቤት የቀሰመ ሰው ነው። ስለ ሾርባ የሆነ እንደሆነ ጥሩ አድርጎ ይተረጉማል።

ዲንቄ ከልደቱ ጀምራ ሁሉንም አስረዳች። ስለ ትንፋሹ፣ ስለ አውራ ጣቱ፣ ስለማይወራጨው እግር። ገብረ መድኅን አንገቱን እየነቀነቀ ሰማትና ለሐኪሙ አራት ቃል ነገረው። ሐኪሙ ፈገግ አለ።

«ምን አልከው?» አለች ዘህራ።

«‹ልጁ ጥሩ ይጠባል› አልኩት።»

«እሳቸው እንዲህ ብለዋል?»

«ዶክተሩን በረጅም ወሬ አላደክመውም። ያሳጠርኩት ለእናንተው ብዬ ነው።»

ሐኪሙ ነዚፍን መዘነ። ራሱን በብረቱ ለካ። ምላሱን አየ። እጁን አላየም። ወረቀት ላይ ጻፈ፣ ማኅተም መታ።

«ጤነኛ ነው» አለ ገብረ መድኅን። «አሥር ቀን ኪኒን ይዋጥ ይላል።»

«ጤነኛ ከሆነ ኪኒኑ ለምንድን ነው?» አለች ዲንቄ።

«ኪኒን ለሁሉም ነው።»

ኪኒኑን ዲንቄ ወደ ቤቷ ስትመለስ ከድልድዩ ላይ ለሶር ዓሦች ሰጠቻቸው። ወረቀቱን ግን ሙነወር አገኘውና ሱቁ ግድግዳ ላይ፣ ከሚዛኑ በላይ ለጠፈው። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ጣቱን ይቀስራል፤ «ጤነኛ ይላል። በፈረንጅ ማኅተም።»

በዚያው ዓመት ግንቦት አንድ ቀን ጣሊያኖቹ የኢምፓየር ቀን የሚሉትን በዓል አከበሩ። የመቱ ሹም ካፒቴን ቫልዴሊ፣ ሕፃናት በጣሊያን ጥላ ሥር ምን ያህል እንደሚፋፉ ለበላዮቹ ማሳየት ፈለገ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ገበያው ላይ እንዲሰለፉ ታዘዘ። አንደኛ ለወጣው ምስክር ወረቀትና ስድስት ቆርቆሮ ወተት። ዘህራ አልሄድም አለች። ሙነወር ልጁን አቅፎ፣ የጤናውን ወረቀት ከግድግዳው ነቅሎ ሄደ። እሷም ልጇን ለብቻው መልቀቅ አልሆነላትምና ተከተለች።

ካፒቴኑ በሰልፉ ፊት ለፊት ሲያልፍ ሕፃናቱ በየተራ አለቀሱ። ባርኔጣው ላይ ያለው ጥቁር ላባ የሚያስፈራ ነበር። ሙነወር ዘንድ ሲደርስ ገብረ መድኅን ከቀኝ በኩል ጣቱን አንቋቋ። ነዚፍ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ። ቀኝ እጁ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ካፒቴኑ በቆመበት ደረቀ። ከዚያ ተረከዙን አጋጨና እሱም ቀኝ እጁን ዘረጋ። የፋሽስት ሰላምታ ነዋ! ኋላው ያሉት ሹማምንት ዘረጉ፤ ወታደሮቹ ዘረጉ፤ ጥሩምባ ተነፋ፤ ገብረ መድኅንም በሁለት እጁ ዘረጋ። ካፒቴኑ ከነላባው በቀኙ በኩል እስከቆመ ድረስ ነዚፍ ፊቱን አይመልስም፤ ፊቱን እስካልመለሰ ድረስ እጁ አይታጠፍም። የስድስት ወር ሕፃን እጁን ሳያወርድ ቀድሞ ማውረድ ደግሞ ለአንድ ካፒቴን ነውር ነው። እንዲህ ተፋጠው ቆዩ። የካፒቴኑ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ። ፎቶግራፍ አንሺው ሦስት ጊዜ አነሣ። ሕፃኑን ያሸነፈው የለም፤ ዝንብ ግራ ጆሮው ላይ ባታርፍበት ኖሮ እስከ ማታ እዚያው ይቆዩ ነበር።

«ደሙ ጥሩ ነው አላልኩም?» አለ ዶክተር ሞሬሊ ለሰው ሁሉ።

ዲንቄ ከሕዝቡ መሐል ለዘህራ በጆሮዋ «ይህች የእጅ መዘርጋት አሁን መጥፋት ነበረባት» አለቻት። «በስድስት ወሩ አሁንም ካለች ነገሩ እንደፈራነው ነው።» ዘህራ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። ካፒቴኑ ምን ሆነች ብሎ ጠየቀ።

«በደስታ ነው» ብሎ ተረጎመ ገብረ መድኅን።

ሙነወር ያን ክረምት መንገድ አልበቃው አለ። ባንዳው ሁሉ ሱቁ እየመጣ ለሕፃኑ እጁን ይዘረጋል። ወተቱን ሴቶቹ ልጆች ጠጡት።

በነሐሴ ጅማ ካሉት የካፒቴኑ የበላዮች ደብዳቤ መጣ፤ ፎቶግራፉም ተመልሶ አብሮ መጣ። በሕፃኑ እጅ ላይ በቀይ ቀለም ክብ ተደርጎበታል። በፋሽስት ሰላምታ መዳፍ ይዘረጋል። የዚህ ሕፃን መዳፍ ተጨብጧል። ክንድን ዘርግቶ ጡጫ ማሳየት ደግሞ የጠላቶቻቸው የኮሙኒስቶች ሰላምታ ነው፤ በዚያ ዓመት እስፓኝ ውስጥ የሚዋጓቸው ሰዎች ሰላምታ። ካፒቴን ቫልዴሊ በክብር ቀን፣ በጥሩምባ፣ ለኮሙኒስት ሰላምታ ስለመለሰበት ምክንያት በሰባት ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ተጠየቀ።

ሙነወር ከነልጁ ተጠርቶ ቢሮ ገባ። ዘህራም ዲንቄን ይዛ ተከተለች። ካፒቴኑ ቀይ ሆኖ ጠረጴዛውን ይዞራል።

«ይህን ማን አስተማረው?» አለ በገብረ መድኅን አፍ።

«ማንም አላስተማረውም ጌታዬ። ዘጠኝ ወሩ ነው።»

«አንተ እስፓኝ ሄደህ ታውቃለህ?»

«ከደምቢዶሎ አልፌ አላውቅም።»

«ደምቢዶሎ ኮሙኒስት አለ?»

ሙነወር ላቡን ጠረገ። «እኔ የማውቀው ቡና ነው ያለው።»

ካፒቴኑ ወደ ሐኪሙ ዞረ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ወይ ሕፃኑ ኮሙኒስት ነው፣ ወይ ካፒቴኑ ሞኝ ነው። ሦስተኛ መንገድ የሚያስፈልገው ሰው ዓይን ነበረው። ያኔ ዘህራ ተናገረች፤ እዚያ ቢሮ ውስጥ የሴት ድምፅ ሲሰማ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ልጄ ታሟል። በየካቲት ተነግሮናል። እጁን እዩት።»

ገብረ መድኅን ካፒቴኑን አየ፤ የካፒቴኑ ጭንቀት ገብቶት ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል በቃል ተረጎመ።

ዶክተር ሞሬሊ ሕፃኑን ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። እጁን ያዘ። አውራ ጣቱን አወጣ፤ ለቀቀው፤ ተመልሶ ገባ። ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታ፤ ቀኝ እግሩ ተፈናጠረ። ሁለቱን ጎኖች አስተያየ። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ከዚያ ጻፈ፤ ገብረ መድኅንም ጮክ ብሎ በአማርኛ አነበበ። ሕፃኑ ሲወለድ አየር በማጣት አንጎሉ ተጎድቷል፤ ቀኝ ጎኑ ተገትሯል፤ እጁን የሚዘረጋውም የሚጨብጠውም ፈቅዶ አይደለም፤ ምልክቱ ገና በሦስተኛው ወር የሚለይ ነው።

«ብራቮ!» ብሎ ካፒቴኑ ሐኪሙን አቀፈው። ሹማምንቱ ተጨባበጡ። አንዱ ሲጋራ አዞረ። ታሟል፣ ታሟል፣ እሰይ ታሟል! እንዲህ ደስ ያሰኘ በሽታ መቱ ውስጥ ታይቶ አይታወቅም። ሙነወር መሐላቸው ቆሞ ነበር፤ ማንም አላየውም።

ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ቀን ሲጽፍ ብዕሩን አንድ አፍታ አቆመ። ከዚያ «የካቲት» ብሎ ጻፈ። ሥር ደግሞ አንድ መስመር ጨመረ፤ የጣሊያን ሕክምና በሽታውን ከማንም ቀድሞ ማወቁን የሚገልጽ መስመር። ገብረ መድኅን ይህንንም በኩራት አነበበው።

ዲንቄ ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

ዘህራ ግን አልሳቀችም። «መድኃኒቱስ?» አለች።

ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። «የለውም ይላል» አለ ገብረ መድኅን።

«እንግዲያው ወረቀቱን እናንተ ያዙት» አለችና ልጇን አነሣች፤ እግሮቹን አራርቃ በወገቧ ላይ አስቀመጠችውና ወጣች።

ካፒቴኑ ምስክር ወረቀቱና ስድስቱ ቆርቆሮ እንዲመለሱ አዘዘ። ሙነወር ባዶዎቹን ቆርቆሮዎች አጥቦ ላከ። ደረሰኝ ሰጡት።

ቤት ሲደርሱ ዲንቄ እንደ ለመደችው ወደ ጓሮ ልትዞር ስትል ሙነወር መንገዷን ዘጋ። «እትዬ... በዚህ በር ይግቡ» አለ። ጓዳ ገብቶ የገለባውን መቀመጫ፣ የሚታሽበትን ዕቃ፣ በቀኝ በኩል የተንጠለጠለውን የቅል ማንኳኳያ ሲያይ ስድስት ወር ሙሉ በገዛ ቤቱ ምን ሲሠራ እንደኖረ ገባው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በየካቲት ነገርንህ» አለች ዘህራ። «አንተ ወረቀት ስትለጥፍ እኔ ጣቱን ስዘረጋ ነበርኩ። የትኛው ይበልጥ እንደሚያደክም ጠይቀኝ እንጂ።»

አልጠየቀም። ሱቁ ገብቶ ከጨው ጆንያዎቹ ኋላ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ጨው የገዙ ሁለት ሴቶች ሰምተውታል። በማግስቱ ማለዳ እጅጌውን ሰብስቦ መጣና «አሳዩኝ» አለ። ጣቱ ወፍራም፣ ችኩል ነበር። ዲንቄ ሦስት ጊዜ እጁን በጥፊ አለችው።

ነዚፍ አልዳነም። በዓመት ከሦስት ወሩ ተቀመጠ፤ ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆነው፣ ጣሊያን ከአገሩ በወጣበት ክረምት ገደማ፣ ቀኝ እግሩን በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ሄደ። ቀኝ እጁ ዕቃ ይደግፋል እንጂ አያነሣም። ንግግሩ ዘገየ፤ በመጣ ጊዜ ግን ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ቀላቅሎ መጣ፤ እህቶቹን በሁለቱም ይሰድባል። ገብረ መድኅን ለአዲሶቹ ሹማምንት አስተርጓሚ ሆኖ ተቀጥሮ፣ የዚያን ልጅ በሽታ ከሐኪሙ ጋር አብሮ «ያገኘው» እሱ መሆኑን ያወራ ነበር።

የቸገረው ሙነወር ነው። ሙነወር አዋቂ ሆነ። ደንበኛ ሕፃን አዝላ ከመጣች ጨው ከመስፈሩ በፊት አውራ ጣቱን ያያል። «ሲወለድ ወዲያው አለቀሰ? ይወራጫል? በሁለቱም እጁ?» ይላል። አንዳንዷ ጨው ሳትገዛ ትሄዳለች።

አንድ ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ላይ ሙላቷ የምትባል ዝንጅብል ሻጭ ልጇን ምንጣፍ ላይ አስተኝታ አየ። ጎንበስ ብሎ ቆየ። ከዚያ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ «ይህ ልጅ አንጎሉ ተጎድቷል!» አለ። ሙላቷ የሚዛኗን ድንጋይ አንስታ እስከ ገበያው ዳር አባረረችው።

ትከሻውን እያሸ መቱ ተመልሶ ለሁለቱ ሴቶች ነገራቸው። ዲንቄ ምልክቱን አንድ በአንድ ጠየቀችው፤ መለሰ።

«ያየኸው ልክ ሳይሆን አይቀርም» አለች። «አፍህ ነው ያልተማረው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘህራና ዲንቄ ቡሬ ገበያ ሄዱ። ሙላቷ ልጇን ከሩቅ ሲያዩት አይታ እጇን ወደ ድንጋዩ ሰደደች። ዘህራ ዝንጅብሉ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሕፃኑን ለረጅም ጊዜ አላየችውም፤ እናቱን ነበር የምታየው።

«ስሙ ማነው?» አለች በመጨረሻ።

ሙላቷ ድንጋዩን አልለቀቀችውም።

«አብደታ» አለች።

«አብደታ» አለች ዘህራ። «ምጡ ረጅም ነበር?»

ሙላቷ ዝንጅብሏን በእጇ መደርደር ጀመረች፤ የተደረደረውን አፍርሳ እንደገና ደረደረች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ፣ ሁለት ቀን እንደ ነበረ፣ ሲወጣም እንዳላለቀሰ፣ ይህንንም እስከዚያች ቀን ለማንም እንዳልተናገረች ትነግራት ጀመር።